«አሲሚሌሽን»ን ከነዘመዶቹ ወደ አማርኛና ወደ ፖላንድኛ እንዴት እንመልሳለን?

«አሲሚሌሽን» የሚለው ቃል መነሻው ላቲን ሲሆን፣ በውስጡ ያለው ሥር «ሲሚሊስ»፣ ማለትም «ተመሳሳይ»፣ የሚለው ቅጽል ነው። በጥሬው ሲፈታ አንድን ነገር ወደ ሌላው ማመሳሰል ማለት ይሆናል። ይሁን እንጂ ቃሉ ከሥነ ሕይወት እስከ ሥነ ልሳን፣ ከሥነ ልቦና እስከ ሕግ ድረስ ሲዘዋወር በየገባበት ሙያ የተለየ ትርጉም ስለያዘ፣ ወደ አማርኛ የሚመልሰው ሰው «ውህደት»፣ «መመሳሰል»፣ «መዋጥ» እና «መላመድ» ከሚሉት ቃላት አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል፤ ብዙ ጊዜም ሳያመነታ «ውህደት» ብሎ ያልፋል። በዚህ ጽሑፍ የማሳየው መንገድ በፖላንድኛ በኩል የሚዞር ነው። ፖላንድኛ የላቲኑን ቃል «አስሚላትስያ» ብሎ ተውሶ ይጠቀምበታል፤ ከጎኑ ግን ከራሱ ሥር ያበቀላቸው ቃላት አሉት፤ እያንዳንዳቸውም የላቲኑን ቃል አንድ ገጽታ ብቻ ይይዛሉ። ስለዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ሲያስቸግረን «በዚህ ቦታ ፖላንዳዊው ከአገር በቀል ቃላቱ የትኛውን ይተካ ነበር?» ብለን ብንጠይቅ፣ የአማርኛው ምርጫ በአብዛኛው በዚያው ይቀልልናል።

ስለ አጻጻፌ አስቀድሜ ልናገር። የፖላንድኛውን ቃላት በግእዝ ፊደል ያሰፈርኋቸው እንደሚነበቡ እንጂ እንደሚጻፉ አይደለም። ፖላንድኛ ከእኛ ሳድስ ጋር በጣም የሚቀራረብ አናባቢ አለው፤ እርሱን በሳድስ ጽፌዋለሁ፤ ስለዚህ «አስሚላትስያ» ሲነበብ «ስ» ላይ እንደ አማርኛ ሳድስ ድምፅ መስጠት ያስፈልጋል። ንባቡም በአብዛኛው ከመጨረሻው ቀድሞ ባለው ክፍለ ቃል ላይ ጠንከር ይላል።

ከቀላሉ እንጀምር። አንድ አካል ከውጭ የመጣን ነገር ወስዶ የራሱ ሲያደርገው ፖላንድኛ «ፕሽስፋያኜ» ይላል። ቃሉ «ወደ» ወይም «አጠገብ» የሚል ስሜት ካለው «ፕሽ» ከሚለው ቅድመ ቅጥያና «የራስ» ከሚለው «ስፉይ» የተሠራ ስለሆነ፣ ጥሬ ትርጉሙ «የራስ ማድረግ» ነው። ሰውነት ከምግብ ብረት ሲያገኝ፣ ተክል ከአፈር ናይትሮጅን ሲወስድ፣ ተማሪ ትምህርት ሲይዝ፣ ሕፃን የእናቱን ቋንቋ ሲለምድ፣ ሁሉም «ፕሽስፋያኜ» ነው። አማርኛ ግን ለእነዚህ ሁሉ አንድ ቃል አይሰጥም፤ ባይሰጥም አይከፋም። ለምግቡ «ከሰውነት ጋር መዋሐድ» እንላለን፤ ለትምህርቱ ደግሞ «ዕውቀት መቅሰም» የሚል፣ ንብ ከአበባ የምትወስደውን የሚያስታውስ፣ ከፖላንድኛው የበለጠ ያማረ አባባል አለን። እዚህ ላይ «ዕውቀትን አዋሐደ» ብሎ መጻፍ የተርጓሚውን ድካም ብቻ ያሳያል። ቅጽሉ «ፕሽስፋያልን» ሲሆን፣ በምግብ ማሸጊያ ወይም በማዳበሪያ ከረጢት ላይ ሲገኝ «ሰውነት (ወይም ተክል) በቀላሉ የሚጠቀምበት» ብሎ መመለስ ይበቃል።

በሥነ ሕይወት መጻሕፍት ውስጥ የላቲኑ ቃል ቦታውን ሳይለቅ የቆየባቸው ስያሜዎች አሉ። ተክል በፀሐይ ብርሃን ኃይል ካርቦን ዳይኦክሳይድን ወደ ምግብነት መለወጡ «አስሚላትስያ ድቩትሌንኩ ቬንግላ» ይባላል፤ በቅጠል ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራው አረንጓዴ ህብረ ሕዋስም «ሚዬንኪሽ አስሚላትስይን» ይባላል። እነዚህ የተቆረጡ የሙያ ስሞች ስለሆኑ በአገር በቀሉ ቃል አይተኩም። ተቃራኒው «ድስሚላትስያ» ሲሆን፣ ሰውነት የገነባውን መልሶ እየሰባበረ ኃይል የሚያወጣበት ሂደት ነው።

በሥነ ልቦናም እንዲሁ ነው። ዣን ፒያዤ የልጆችን አስተሳሰብ ሲያብራራ የተጠቀመባቸው ሁለት ቃላት በፖላንድኛ «አስሚላትስያ» እና «አኮሞዳትስያ» ተብለው ቀርተዋል። ውሻ ብቻ የሚያውቅ ሕፃን ፍየል አይቶ «ውሻ!» ቢል አዲሱን ነገር በነባሩ ዕውቀቱ ውስጥ እያስተናገደ ነው፤ ይህ የመጀመሪያው ነው። ፍየል ሌላ መሆኗን ተረድቶ ዕውቀቱን ራሱን ሲያሻሽል ሁለተኛው ይሆናል። ለመጀመሪያው «ውህደት» ማለት አንባቢን ያሳስታል፤ «በነባሩ ማስተናገድ» እና «ነባሩን ማስተካከል» ብሎ ጥንዱን አብሮ መተርጎም ይሻላል።

ወደ ድምፅ ስንመጣ ነገሩ ለአማርኛ ተናጋሪ እጅግ ይጣፍጣል። አንድ ድምፅ በጎረቤቱ ተጽዕኖ ሲለወጥ ፖላንድኛ «ኡፖዶብኜኜ» ይላል፤ ሥሩ «ፖዶብን»፣ ማለትም «ተመሳሳይ»፣ ስለሆነ የላቲኑ ቃል ጥሬ ትርጉም ነው ማለት ይቻላል። በአማርኛ «የድምፅ መመሳሰል» የሚለው ያለ ምንም ችግር ይተካዋል። ምሳሌ ለመስጠት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከላይ የጠቀስሁት «ፕሽስፋያኜ» በፖላንድኛ ሲጻፍ በ«ፍ» ቦታ ያለው ፊደል «ቭ» ነው፤ ከፊቱ ያለው «ስ» ነዛሪ ያልሆነ፣ ማለትም የጉሮሮ አውታር ሳይርገበገብ የሚወጣ፣ ድምፅ ስለሆነ ግን «ቭ»ን ወደ ራሱ ስቦ «ፍ» ያደርገዋል። በቃሉ መጀመሪያ ላይ ያለው «ሽ» ድምፅም እንዲሁ በ«ፕ» ምክንያት ነዛሪነቱን ያጣ ነው። ስለ መመሳሰል የሚናገረው ቃል ራሱ ሁለት ጊዜ ተመሳስሏል ማለት ነው።

ፖላንዳውያን መምህራን ይህን ክስተት በአቅጣጫው ይከፍሉታል። የቀደመው ድምፅ የሚከተለውን ሲለውጥ «ፖስቴምፖቬ»፣ የሚከተለው የቀደመውን ሲለውጥ «ፍስቴችኔ» ይባላል። «ልመና» ወይም «ጥያቄ» የሚል ትርጉም ያለው ቃል ሲጻፍ «ፕሮሽባ» ሲሆን ሲነገር «ፕሮዥባ» ነው፤ «ብ» ነዛሪ ስለሆነ ከፊቱ ያለውን «ሽ» ነዛሪ አድርጎታል። አግዳሚ ወንበር ማለት የሆነው «ዋቭካ» ደግሞ ሲነገር «ዋፍካ» ይሆናል። ሁለቱም የ«ፍስቴችኔ» ምሳሌዎች ናቸው።

አማርኛ አንባቢ ይህን በፍጥነት እንዲረዳ ከፈለግን ከቅዳሴ ቋንቋ እንነሣ። በግእዝ «ይትባረክ» ሲባል «ት» በግልጽ ይሰማል። በአማርኛ «ይባረክ» ስንል ግን «ት» የጠፋ ይመስላል እንጂ አልጠፋም፤ ወደ «ባ» ተለውጦ «ባ»ን አጥብቆታል። «ተሰበረ» ብለን «ይሰበራል» ስንልም «ሰ» የሚጠብቀው በዚያው ምክንያት ነው። ፊደላችን ማጥበቅን ስለማያሳይ ይህ መመሳሰል ከዓይናችን ተሰውሮ በጆሯችን ብቻ ይኖራል። የሚከተለው ድምፅ የቀደመውን ሙሉ በሙሉ ስለለወጠው፣ ፖላንዳዊው ቢሰማ «ፍስቴችኔ» ከሚለው ክፍል ያኖረው ነበር።

ከዚህም የሚቀርብ ዝምድና አለ። ለሴት ስናዝዝ «ክፈት» የነበረው «ክፈቺ»፣ «ውሰድ» የነበረው «ውሰጂ»፣ «ልበስ» የነበረው «ልበሺ» ይሆናል፤ የ«ኢ» ድምፅ ከፊቱ ያለውን ተነባቢ ወደ ላንቃ ይስበዋል። በፖላንድኛ ወንድም «ብራት» ሲሆን «ወንድሜ ሆይ» ለማለት «ብራቼ» ይባላል፤ ውኃ «ቮዳ» ሲሆን «በውኃ ውስጥ» በሚለው አገባብ «ቮጄ»፣ አፍንጫ «ኖስ» ሲሆን በዚያው አገባብ «ኖሼ» ይሆናል። «ት» ወደ «ች»፣ «ድ» ወደ «ጅ»፣ «ስ» ወደ «ሽ» ሲዞር ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይተዋወቁ አንድ መንገድ ሄደዋል። ፖላንዳውያን ይህን «ዝምዬንክቼኜ»፣ ማለትም «ማለስለስ»፣ ይሉታል። የ«ሽ» እና የ«ች» ድምፃቸው ከእኛው ትንሽ የቀጠነ መሆኑን ግን ልብ ይሏል። የድምፅ መመሳሰል ተቃራኒ በዚህም ሙያ «ድስሚላትስያ» ነው፤ የላቲኑ «ፔሬግሪኑስ» ሁለት «ር» ስለነበሩት አንደኛው ወደ «ል» ተለውጦ፣ በፖላንድኛ ተሳላሚ ወይም መንፈሳዊ ተጓዥ «ፒዬልግዥም» ተብሎ ቀርቷል።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ቃሉ ስለ ሰዎች ሲነገር ነው። እዚህ ላይ ቃል ከመምረጥ በፊት ሦስት ነገሮችን ማጣራት ይገባል፦ የሚለወጠው አንዱ ወገን ነው ወይስ ሁለቱም፤ ለውጡ በፈቃድ ነው ወይስ በግዴታ፤ ከለውጡ በኋላ ምን ይቀራል። በማኅበረሰብ ጥናት «አስሚላትስያ» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሚለወጠው አናሳው ወገን ነው፤ ከጊዜ በኋላም ከብዙኃኑ የሚለይበት ነገር እየመነመነ ይሄዳል።

«ውህደት» ለዚህ የማይመቸው እንግዲህ በዚህ ምክንያት ነው። ቃሉ ከ«ተዋሕዶ» ጋር አንድ ሥር ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደገ አንባቢ ደግሞ ተዋሕዶ ያለ መቀላቀልና ያለ መለወጥ አንድ መሆን እንደሆነ ሲሰማ ኖሯል። ከሁለቱ አንዱም አይጠፋም። በ2012 ዓ.ም. ከሕወሓት በቀር የኢሕአዴግ አባል ድርጅቶች ወደ አንድ ፓርቲ ሲመጡም የተጠቀሙበት ቃል «ውህደት» ነበር፤ እንዲህ ላለው የድርጅቶች መጠቅለል ፖላንድኛ «ፉዝያ» እንጂ «አስሚላትስያ» አይልም። ስለዚህ አንድ ሕዝብ በሌላው ውስጥ ቀስ በቀስ መልኩን ማጣቱን «ውህደት» ብለን ከተረጎምን፣ የጠፋውን ነገር ከአንባቢው ሸሸግነው ማለት ነው። እኔ በዚህ ቦታ «ተመሳስሎ መዋጥ» ማለትን እመርጣለሁ፤ ገለልተኛ ድምፅ ሲያስፈልግ ደግሞ «መመሳሰል» ብቻውን ይበቃል።

የፖላንድ ታሪክ እነዚህን ልዩነቶች ለመለየት እንደ መዝገበ ቃላት ያገለግላል። አገሪቱ በ1772፣ በ1793 እና በ1795 (የፖላንድን ታሪክ ዓመታት ሁሉ የጻፍሁት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በጎረቤቶቿ ተከፋፍላ እስከ 1918 ድረስ ከካርታ ስትጠፋ፣ ሕዝቡ ራሱ የሌሎች የማመሳሰል ፖሊሲ ዒላማ ሆነ። በ1901 በቭዤሽኛ ከተማ የሚማሩ ልጆች የሃይማኖት ትምህርት በጀርመንኛ እንዲሰጥ መደረጉን ተቃውመው በመታገላቸው ተገረፉ። ፖላንዳውያን ይህን «ጌርማኒዛትስያ» ይሉታል፤ በአገር በቀል አወጣጥ ደግሞ «ዝኜምቼኜ»። በሩሲያ በኩል የነበረው «ሩስፊካትስያ» ነው። ውጤቱን፣ ማለትም ሰውን ከሕዝቡ ማውጣትን፣ የሚገልጽ አንድ ብርቱ ቃል አላቸው፤ «ቭናሮዶቭዬኜ» ይባላል። በውስጡ ያለው «ናሩት» ሕዝብ ወይም ብሔር ማለት ሲሆን፣ መነሻው «ቭ» «ማውጣት»ን ያመለክታል። ይህ ቃል ፈጽሞ ገለልተኛ አይደለም፤ በእኛ የፖለቲካ ቋንቋ «ማንነትን መጨፍለቅ» ከሚለው ጋር በድምፀቱ እኩል ይሄዳል። «አስሚላትስያ» ተብሎ ለተጻፈ ነገር «መጨፍለቅ» ብሎ መተርጎም ግን በደራሲው አፍ ያላለውን ቃል ማስገባት ነው።

ወደ ሌላው ጎን ደግሞ «ፖሎኒዛትስያ» አለ፤ ሌላውን ፖላንዳዊ ማድረግ። አገር በቀሉ ጥንዱ «ስፖልሽቼኜ» ሲሆን፣ ዛሬ በወጣቶች ዘንድ ይበልጥ የሚታወቀው የኮምፒውተር ጨዋታን ወደ ፖላንድኛ የመመለስ ሥራ ስም ሆኖ ነው። አንድ ቃል ከታሪክ መጽሐፍ ወደ ጨዋታ ማውረጃ ገጽ ሲሻገር ቁጣው ሁሉ እንዴት እንደሚበርድ ያሳያል።

ቃሉ በጎ ትርጉም የነበረበትም ዘመን አለ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዋርሶ የነበሩ የተማሩ አይሁድ ከፊሎቹ በቋንቋና በአኗኗር ፖላንዳዊ ሆነው በእምነት ብቻ አይሁዳዊ ለመሆን ሲጥሩ፣ ዓላማቸውን ራሳቸው «አስሚላትስያ» ይሉት ነበር፤ ከ1866 ጀምሮ «ኢዝራኤሊታ» የሚባል ሳምንታዊ ጋዜጣ በፖላንድኛ ያሳትሙ ነበር። የዚህ አሳብ ደጋፊ «አስሚላቶር» ይባላል። በኋላ ቃሉ በተቃዋሚዎቻቸው አፍ ስድብ ሆነ። እንግዲህ በዚያ ዘመን የተጻፈን ጽሑፍ የሚተረጉም ሰው ተናጋሪው ማን እንደሆነ ሳያውቅ «መዋጥ» ብሎ መጻፍ የለበትም፤ «አስሚላቶር» ራሱ ስለ ራሱ ሲናገር «እንዋጥ» አላለምና።

መመሳሰል በሁሉም ዘርፍ እኩል እንደማይሄድ የሚያስረዱት ደግሞ የፖላንድ ታታሮች ናቸው። ንጉሥ ያን ሦስተኛ ሶብዬስኪ በ1679 በቦሆኒኪና በክሩሽንያን መንደሮች ርስት የሰጣቸው እነዚህ ሰዎች የጥንት ቋንቋቸውን ከረዥም ዘመን በፊት ትተዋል፤ እስልምናቸውን ግን እስከ ዛሬ ይዘዋል፤ በሁለቱም መንደሮች ከእንጨት የተሠሩ መስጊዶቻቸው ቆመዋል። ስለ እነርሱ ሲጻፍ «አስሚላትስያ ዬንዝኮቫ»፣ ማለትም «በቋንቋ መመሳሰል»፣ ብሎ ዘርፉን መጥቀስ እንጂ እንዲሁ «ተዋጡ» ማለት ስሕተት ነው።

በሕግ ቋንቋ ረገድ እ.ኤ.አ. የጃንዋሪ 6 ቀን 2005ቱ የፖላንድ የአናሳ ብሔረሰቦች ሕግ ጥሩ አስተማሪ ነው። ሕጉ 9 ብሔራዊና 4 ጎሳዊ አናሳ ማኅበረሰቦችን ያውቃል፤ ታታሮች ከአራቱ አንዱ ናቸው። አምስተኛው አንቀጽ የአናሳ ማኅበረሰብ አባላትን «አስሚላትስያ» ዓላማቸው ያደረጉ እርምጃዎች ከፈቃዳቸው ውጭ እንዳይወሰዱባቸው ይከለክላል። «ከፈቃዳቸው ውጭ» የሚለው ሐረግ መጨመሩ ቃሉ ብቻውን ግዳጅን እንደማያመለክት ያረጋግጥልናል። አማርኛው «በግድ መጨፍለቅ» ተብሎ ቢተረጎም ሐረጉ ትርፍ ይሆናል፤ «ማመሳሰል» ብንል ግን እንደ ምንጩ ይቆማል።

የ«አስሚላትስያ» ጎረቤቶች ከላይ ባነሣኋቸው ሦስት ጥያቄዎች ቶሎ ይለያሉ። «ኢንቴግራትስያ» ሲሆን ሁለቱም ወገኖች ይራመዳሉ፤ ገቢው የራሱን ይዞ ይቆያል። ከላይ የተውነው «ውህደት» የሚስማማው እዚህ ነው፤ «ተቀላቅሎ መኖር»ም ያስኬዳል። «አኩልቱራትስያ» በባህሎች መገናኘት የሚመጣ የባህል ለውጥ ሲሆን፣ የግድ በመዋጥ አያበቃም። «አዳፕታትስያ» «መላመድ» ነው፤ ሰው ብርዱንም ሥርዓቱንም ይለምዳል፤ ማንነቱ አይነካም። «ናቱራሊዛትስያ» ዜግነት ማግኘት ብቻ ነው፤ ወረቀት እንጂ ልብ አይለወጥም። «ፍኽዋኛኜ» ደግሞ ስፖንጅ ውኃ እንደሚመጥ መምጠጥ ነው፤ የሚመጠው ወገን ብርታት ጎልቶ ይታያል። በእስራኤል የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ይህን አሳብ «ክሊታ» በሚለው የዕብራይስጥ ቃል ያውቁታል፤ «መርከዝ ክሊታ» በሚባለው የአዲስ ገቢዎች መቀበያ ማዕከል ያልኖረ ጥቂት ነው። ትርጉሙ መምጠጥ ወይም መቀበል ነው፤ ፖላንድኛም የእስራኤሉን አሠራር ሲጠቅስ «አብሶርፕትስያ» ይላል እንጂ «አስሚላትስያ» አይልም።

የሰዋስዉ ነገር አጭር ነው፤ ግን ስሕተት የሚበዛው እዚያ ነው። «አስሚሎቫች» ሌላውን ማመሳሰል ሲሆን፣ «ሼ» የምትባል ቃል ስትጨመርበት «አስሚሎቫች ሼ» ራስ መመሳሰል ይሆናል። እኛ ይህን የምንለየው በ«ማመሳሰል» እና በ«መመሳሰል» ነው። ድርጊቱ መፈጸሙን ለመግለጽ ደግሞ «ዛስሚሎቫች ሼ» ይባላል። በስሞቹም ልዩነቱ ይታያል፤ «ፕሽስፋያኜ» በሂደት ላይ ያለው፣ «ፕሽስፎዬኜ» የተፈጸመው ነው። የሚከተላቸውም ቃል ይለያያል፤ «አስሚሎቫች ሼ» «ከ… ጋር»ን ይወስዳል፤ «ኡፖዶብኒች ሼ» «ወደ»ን፤ ቀልጦ መግባት የሚለው «ፍቶፒች ሼ» ደግሞ «ውስጥ»ን። ይህን የመጨረሻውን «ተመሳስሎ ተሰወረ» ብንለው ደኅና ነው።

በምሳሌያዊ አነጋገርም ሁለቱ ቋንቋዎች ይገናኛሉ። ፖላንዳዊው «በቁራዎች መካከል ከገባህ እንደ እነርሱ መጮኽ አለብህ» ይላል፤ ይህ «ዶስቶሶቫች ሼ»፣ ማለትም አውቆ ራስን ማስማማት፣ ነው። «ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች» የሚለው የእኛው ግን ሳያውቁ መመሳሰልን ስለሚነቅፍ «ኡፖዶብኒች ሼ» ከሚለው ጋር ይሄዳል። ከሁለቱ አንዱን በሌላው መተርጎም አይገባም፤ ለጊደሯ የሚቀርበው «ከማን ጋር እንደምትውል እንደዚያው ትሆናለህ» የሚል ትርጉም ያለው «ክቶ ስ ኪም ፕሼስታዬ፣ ታኪም ሼ ስታዬ» የተባለው አባባላቸው ነው።

አሁን አንድ ጉዳይ በተግባር እንይ። በፖላንድ ጥገኝነት ያገኘ ሰው እስከ 12 ወር የሚቆይ የግል ድጋፍ ዕቅድ ይዘጋጅለታል፤ በውስጡ የቋንቋ ትምህርት፣ የገንዘብ ድጋፍና ምክር አሉ። ይህ በወረቀቱ ላይ «ኢንድቪዱዋልን ፕሮግራም ኢንቴግራትስይ» ተብሎ ተጽፏል። ለአማርኛ ተናጋሪ ባለጉዳይ የሚተረጉም ሰው ሦስቱን ጥያቄዎች ያቅርብ። የሚራመደው ባለጉዳዩ ብቻ ሳይሆን መሥሪያ ቤቱም ነው፤ ባለጉዳዩ ተስማምቶ ይፈርማል፤ ቋንቋውን ወይም እምነቱን እንዲተው የሚጠይቅ አንቀጽ የለም። ስለዚህ «የመመሳሰል ዕቅድ» ብሎ መጻፍ ሰውየውን ያለ ምክንያት ያስደነግጠዋል፤ «ውህደት» ትክክል ቢሆንም ለወረቀት ከበድ ይላል። «ከኅብረተሰቡ ጋር ተቀላቅሎ ለመኖር የሚረዳ የግል ዕቅድ» ቢባል ረዘም ይላል እንጂ ባለጉዳዩ ምን ላይ እንደሚፈርም ያውቃል፤ በኋላ ላይ ግን እዚያው ገጽ ውስጥ ስለ ቋንቋ ትምህርቱ «ፕሽስፋያኜ» የሚል ቃል ቢያጋጥም «ቋንቋውን መልመድ» ብሎ ማለፍ ነው።